ጠርሙሱንም ይጹሙልኝ

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ገረመው፤ መሐል ሜዳ።

አባዬ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? የመንዝ ብርድ ዘንድሮ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎ ዳገቱን እሺ ብሎ ይወጣል ወይስ እንዳምናው መንገዱ ሲጋመስ መቀመጫ ድንጋይ ያስፈልግዎታል? ገብሱ ደህና ገባ? የእናቴ ሳልስ ለቀቃት? የወንድሜ ልጅ ትግስት ፊደሏን ጨረሰች ወይስ አሁንም መጨረሻው ላይ ስትደርስ ወደ ግልገሎቹ ትሸሻለች? እኔ በበኩሌ ደህና ነኝ። ከእናንተ መራቄን ካልቆጠሩብኝ የጎደለኝ ነገር የለም። እዚህ ቦሌ ቀኑ ሞቃት ነው፤ ማለዳ ማለዳ ብቻ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ አገራችንን ያስታውሰኛል።

ይህን ሁሉ ጠይቄ አንድ ነገር ቀረኝ። እጅዎ እንዴት ነው? በደብዳቤም በአፍም ጠይቄዎት አላውቅም። በቤታችን ስለ በሬው ሰኮና ይጠየቃል፣ ስለ ጎረቤት ጥርስ ይጠየቃል፣ ስለ እጅዎ ግን ሁላችንም እንዳላየን ሆነን ነው የኖርነው። የዛሬው ደብዳቤዬ ከዳር እስከ ዳር የእጅ ነገር ነው፤ የእኔም የእርስዎም። እንዳይቆጡኝ። መነጽርዎን አድርገው፣ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው፣ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። እንደሚያውቁት በክሊኒካችን ፋሻ ክፍል ቁስል የማጥበው እኔ ነኝ። በልጅነቴ ባሳዩኝ መሠረት ቁስል ከመንካቴ በፊትም ከነካሁ በኋላም እጄን በቡናማው ጠርሙስ መድኃኒት እታጠባለሁ። ጠርሙሱን ያውቁታል፤ እርስዎ በአገራችን ክሊኒክ ቁስል ሲያጥቡ በሥራ ዘመንዎ ሁሉ የታጠቡበት፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ከመስኮትዎ ሥር የማይጠፋው፣ ያው ሽታው አፍንጫ የሚቆነጥጠው ነው። መጀመሪያ በጣቶቼ መካከል አሳከከኝ። ቀጥሎ ቀላ፣ ውኃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ተሰነጠቀ። አንድ ቀን ጠዋት እጄን ወደ ብርሃን ዘርግቼ ሳየው የማን እጅ እንደሆነ አወቅሁት። የማየው የእርስዎን እጅ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። እኔ እጅዎን አንድም ቀን ጠልቼው አላውቅም፤ ፈርቼው ግን አውቃለሁ።

ምን አደረግሁ መሰልዎት? እርስዎ ያደረጉትን። በቆሰለ ቁጥር መድኃኒቱን ጨመርኩበት። ቀን በፈሳሹ ታጠብኩ፣ ማታ ከዚያው ከመድኃኒት ክፍሉ የማገኘውን ነጭ ቅባት ቀባሁ፣ ሲብስብኝም መድኃኒቱ አንሶት ነው እያልኩ ደገምኩት። ከዚያ አንድ ቅዳሜ መርካቶ ሄጄ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ነጭ የብረት ሳህን ገዛሁ። ከተደረደሩት ሁሉ እርስዎ ለብቻዎ የሚበሉበትን ሳህን የሚመስለውን ነው የመረጥኩት። በደባልነት የምኖረው እማማ የሻሽወርቅ ዘንድ መሆኑን ጽፌልዎት ነበር፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ፣ ምላሳቸው የሚዋጋ ልባቸው ግን ቅቤ የሆነ ሴት ናቸው። ምሳ ሲቀርብ ድርሻዬን በሳህኔ ወስጄ ጥግ ይዤ መብላት ጀመርኩ። ከማዕዴ ማን ለየሽ ብለው ጠየቁኝ። ማንም አልኳቸው። ማንም ሳይለይሽ ከተለየሽማ ጡር አለው ብለው ቀኑን ሙሉ አኮረፉኝ።

አባዬ፣ እርስዎንም እኮ ማንም አልለየዎትም። ልጅ ሳለሁ በአቦ ማኅበር ላይ አንድ ሰው እጅዎን አየና የራሱን እጅ ከገበታው ሰብሰብ አደረገ። ቃል አልተናገረም። እርስዎም ቃል ሳይናገሩ ተነሡ፤ ያን ቀን እንደተነሡ ቀሩ። ቁስላቸውን ለእጅዎ የሚሰጡ ሰዎች እንጀራቸውን ከእጅዎ ሲያርቁ አልተቀየሟቸውም። ክፉው በሽታ ነው ብለው በራስዎ ፈረዱና ለእኛ ፈርተው ሸሹን። እኔ ከእጅዎ ጎርሼ አላውቅም። ለዘመን መለወጫ እንኳ የሚያጎርሱን በማንኪያ ነበር። የሰው አባት ሁሉ በማንኪያ የሚያጎርስ ይመስለኝ ነበር፤ እንዳልሆነ የገባኝ ጎረቤት ቤት ስበላ ነው። ያን ዕለት ቤት ገብቼ ያለቀስኩበትን ምክንያት ለማንም አልተናገርኩም።

ክሊኒኩን የሚመሩት ሲስተር ንግሥቲ እጄን ጓንት ውስጥ ስደብቅ ደረሱብኝ። ካልዳንሽ ቁስል አታጥቢም፣ ካርድ ክፍል ትዛወሪያለሽ አሉኝ። ካርድ ክፍል መቀመጥ ነውር የለውም፤ ለእኔ ግን ፋሻ ክፍሉ ከእርስዎ የተረከብኩት ቤት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለው ወደ ቆዳ ሐኪም ላኩኝ። ዶክተር ጸጋይ ይባላሉ፤ ሃንጋሪ ተምረው የመጡ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። እጄን አገላብጠው አዩና የሚነካውን ነገር ሁሉ ሰብስበሽ አምጪ አሉኝ። ሳሙናዬን፣ ጓንቱን፣ ቅባቱንና ቡናማውን ጠርሙስ በዘንቢል ይዤ ሄድኩ። እማማ የሻሽወርቅ ሽንኩርትም ጨምረውበት ኖሯል። ዶክተሩ ሳቁና ይህን ለወጥሽ መልሺው አሉኝ።

ከዚያ ያደረጉትን እንደ ባለሙያ ይወዱታል ብዬ ዘርዘር አድርጌ ልንገርዎት። ካመጣሁት ነገር ሁሉ ቅንጣት ቅንጣት ወሰዱ። በመድኃኒቶቹ ውስጥ የተቀላቀሉትንም ነገሮች ለየብቻቸው አዘጋጁ። እያንዳንዱን የጠርሙስ ክዳን በምታህል ትንሽ ሽፋን ውስጥ አኑረው ጀርባዬ ላይ በተርታ በፕላስተር ለጠፉት። መርፌ የለው፣ ምላጭ የለው። ቆዳዬ የሚጣላው ነገር ካለ በዚያች ቦታ ብቻ ይቆጣል፤ አለርጂ የሚሉት ይህንን ነው። ሁለት ቀን ተለጥፎ ይቆያል፣ ከተነሣ በኋላም ሁለት ቀን ይጠበቃል። እስከዚያ ጀርባዬን ውኃ እንዳይነካው፣ ላብ እንዳያርሰው፣ ከባድ ነገርም እንዳላነሣ አዘዙኝ። ቀኑ ከተራ ነበር።

እነዚያ ቀናት ከዕድሜዬ ተቆርጠው ሌላ ቦታ የተቀመጡ ይመስሉኛል። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ቀን ቀን በደረቴ ተኝቼ ዋልኩ። የእማማ የሻሽወርቅ ቤት ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተምሥራቅ፣ ወደ ጎሮ በሚወስደው የእርሻ መንገድ ዳር ነው። ከመስኮቱ ባሻገር ገበሬዎች ጤፍ ይወቃሉ። አውሮፕላን በተነሣ ቁጥር የዐውድማው ገለባ ብድግ ይላል፣ ፀሐይ ላይ ያበራል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ በሬዎቹ ቀናም አይሉ። እኔም እንደ ገለባው ብድግ እያልኩ፣ እየወረድኩ፣ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ስንሳፈፍ እውላለሁ። የአውሮፕላኑ ድምፅ እየራቀ ሲሄድ ወደ አገራችን ጉም ይለወጥብኛል። ጉሙ በክሊኒክዎ በር ይገባል፤ አግዳሚው ላይ ከበሽተኞቹ ጋር ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። እርስዎ ነጭ ካፖርትዎን ለብሰው ባለተራ ይላሉ። ጉሙ ይነሣና ቁስሉን ያሳይዎታል፤ እርስዎም ሳይገረሙ ያጥቡለታል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እጅዎን አያለሁ። በሕልሜ እጅዎ አንድ ጭረት የለበትም።

ስነቃ ደግሞ ጀርባዬ ላይ መንደር የተሠራ ይመስለኛል። ትንንሽ ቤቶች በተርታ ቆመው ሁሉም ጸጥ ብለዋል። ከነሱ በአንዷ ግን አንድ ሰው እሳት አያይዟል። ትሞቀኛለች፣ ታሳክከኛለች። እጄን ልሰድላት እልና ትእዛዙ ትዝ ይለኛል። እዚያ ቤት ያለው ማን ይሆን እያልኩ መልሼ እተኛለሁ። ይህን ለእማማ የሻሽወርቅ ብነግራቸው እንቅልፍ ሲበዛ ያስቀባጥራል አሉኝ፤ ነገር ግን መንደሩን ወደዱት።

ጥምቀት ዕለት እቤት ትተውኝ መሄድ አልሆነላቸውም። ጠበል እያለ ፕላስተር ምንድነው ባይ ነበሩ፤ ሐኪም የጀመረውን ማበላሸትም ኃጢአት ነው ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ሁለቱን አስታረቋቸው። ጋቢያቸውን አጥፈው ጀርባዬ ላይ ጣሉብኝ፣ ጥቁር ጃንጥላቸውን ያዙና ታቦቱ ካደረበት ሜዳ ወሰዱኝ። ጸሎቱ አልቆ ውኃው መረጨት ሲጀምር ሕዝቡ ወደፊት ጎረፈ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያን ውኃ ሲሻሙ የኖሩት ሴት ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከኋላዬ ቆሙ። ሰው አጉረመረመ። አንድ ዲያቆን ከጥምቀት ውኃ በጃንጥላ የሚሸሽ ክርስቲያን ዛሬ አየሁ ሲላቸው፣ «ጀርባዋ የሐኪም ነው፣ እጇ የእግዜር ነው፤ እጇን እርጩልኝ» አሉት። ዲያቆኑ ሳቀና ወደ እኛ ዞረ። እጆቼን ከጃንጥላው ሥር አውጥቼ ዘረጋሁ። ከታመምኩ ወዲህ በሰው ፊት እጄን የዘረጋሁት ያን ጊዜ ነው። ውኃው ቀዝቃዛ ነበር፤ ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ ለበለበኝ። እኔ ግን እጄን አልሰበሰብኩም።

በማግሥቱ ዶክተር ጸጋይ ፕላስተሩን አነሡና ቦታ ቦታውን በቀለም ምልክት አድርገው መለሱኝ። ያን ሰሞን የቀበሌው ሰው ለችግኝ ጉድጓድ ቁፋሮ ዘመቻ ሊጠራኝ መጣ። ሐኪም ላብ ከልክሏታል ቢባል አላመነም፤ ለአብዮቱ የማያልበው ጀርባ የትኛው ነው አለ። እማማ የሻሽወርቅ ግለጪና ይየው ሲሉኝ ጓዱ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ከግቢው ወጣ። እሳቸው በየጠዋቱ ጀርባዬን እያዩ የመንደሩን ወሬ ይነግሩኝ ጀመር። ቤቶቹ ሁሉ በራቸውን ዘግተዋል፣ በስተግራ ያለችው አንዷ ግን ጭሷ ወጥቷል አሉኝ።

ዓርብ ዕለት ዶክተሩ ጀርባዬን በመስኮት ብርሃን አዩት። ሳሙናው ንጹሕ ነው አሉ፤ ጓንቱም። ተሕዋስያን የሚገድለው መድኃኒት ራሱ ምንም አላደረገኝም። የተቆጣችው ቦታ መድኃኒቱ ቆይቶ እንዳይበላሽ ተብሎ የሚጨመርበት ማቆያ የተለጠፈባት ናት። ያው ማቆያ በፈሳሹም በቅባቱም ውስጥ አለ። አብዛኛው ሰው ላይ ጉዳት የለውም፤ የአንዳንዱ ቆዳ ግን ከጊዜ በኋላ ይጣላውና ዳግመኛ አይታረቀውም አሉኝ። እንግዲህ ይታይዎት፣ ቀን ያቆሰለኝን ነው ማታ መድኃኒት ብዬ የምቀባው። የእኔና የእርስዎ ዓይነት ጠንቃቃ ሰው ካልሆነ ማን እንዲህ ይሳሳታል?

ደስ ሊለኝ ሲገባ አለቀስኩ። ዶክተሩ ግራ ገባቸው። ያን ጊዜ ስለ እርስዎ ነገርኳቸው፤ ስለ ጠርሙሱ፣ ስለ ሳህኑ፣ ስለ ማንኪያው። ሥጋ ደዌ እጅን ያደነዝዛልና፣ እጃቸው እሳት ያውቃል ወይ አሉኝ። ትኩስ ብርጭቆ ሲይዙ የሚሉትን ብነግራቸው ሳቁ፤ እዚህ አልጽፈውም። መርፌ ውስጥ ክር ያስገባሉ ወይ አሉኝ። ከወረዳው ሁሉ እሾህ ለማስወጣት የሚመጣው ወደ አባቴ ነው አልኳቸው። ተሽሏቸው የሚያውቅበት ጊዜ አለ ወይ ሲሉኝ ሱባኤዎ ትዝ አለኝ። ገዳም ሰንብተው ሲመለሱ እጅዎ ለስልሶ ይመጣ ነበር፤ እኛም ጻድቁን አመስግነን፣ እርስዎም ወደ ጠርሙሱ ተመልሰው፣ በወሩ እንደ ነበረው ይሆናል። ዶክተር ጸጋይ ጻድቁን አላስቀየሟቸውም። ከጠርሙሱ የለየዎትን ሁሉ ማመስገን ይገባል አሉ። ከዚያ የተናገሩትን እንዳለ ልጻፍልዎት፤ «ሳላያቸው አልፈርድም። ግን እጃቸው እሳት የሚያውቅ ከሆነ የሚፈሩት በሽታ አይመስለኝም። ቢሆንም እንኳ ዛሬ መድኃኒት አለው፤ ከሰው ማዕድ የሚያስነሣ አይደለም። ጠርሙሱን ይተዉና ጀርባቸውን ይዘው ይምጡ።»

አንድ ነገር ደግሞ አለ። እናቴ እንዳትነግሪ ብላኝ የያዝኩት ነው፣ ይቅር ትበለኝ። እርስዎ በልተው ሲነሡ ሳህንዎን ይዛ ጓዳ ትገባ ነበር። አንድ ቀን በሩ ገርበብ ብሎ አየኋት። የተረፈውን በዚያው ሳህን፣ እጅዎ በነካው በኩል ትበላለች። ለምን ብላት፣ «ባሏ ብቻውን በላ እንዳይባልብኝ» አለችኝ። ይህን ያህል ዘመን በየቀኑ ከሳህንዎ የበላች ሴት እጇ ዛሬም የሙሽራ እጅ ነው። ለዶክተር ጸጋይ ይህን ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ሲያብሱ ቆዩ። አባዬ፣ እርስዎ ብቻዎን በልተው አያውቁም።

የእኔ እጅ ድኗል። ሲስተር ንግሥቲ ማቆያው የሌለበት መታጠቢያ ፈልገው አገኙልኝ፣ ካርድ ክፍልም አልገባሁም። ሳህኔን እማማ የሻሽወርቅ ሳይጠይቁኝ ወሰዱት፤ አሁን ዶሮዎቻቸው ውኃ ይጠጡበታል። በበላሁ ቁጥር እጄን በገበታው ላይ ሲያዩ ደህና አድርገሽ ጠቅልይ ይሉኛል።

አሁን ዐቢይ ጾም ገብቷል። እርስዎ ጾም የማያፈርሱ ሰው ነዎትና አንድ ልመና አለኝ። ዘንድሮ ከሥጋውና ከቅቤው ጋር ጠርሙሱንም ይጹሙልኝ። ቅባቱንም እንዲሁ። እጅዎን በውኃና በሳሙና ብቻ ይታጠቡ፤ ቁስሉን ሊያሳጥብ የሚመጣውን ሰው ለጊዜው ወደ ክሊኒኩ ይላኩት። ሲደርቅብዎት የሚቀቡት ቫዝሊን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬአለሁ፤ እሱ ማቆያ የለበትም ብለውኛል። ፈርቼ ነው የምጽፈው፤ ተስፋ ሰጥቼዎት እንዳላሳዝንዎት እፈራለሁ። ሳይድን ቢቀር እንኳ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አብረን መጥተን ዶክተሩ ያዩዎታል። ጀርባዎን ለሁለት ቀን የሚያበድሯቸው ከሆነ የመንደሩን ወሬ የሚያወሩልዎት እማማ የሻሽወርቅ ከነጃንጥላቸው ዝግጁ ናቸው። እሳቸውም እጅ ይነሣሉ።

ለእናቴ ለወይዘሮ ተናኜ ያለኝን ሰላምታ በአፍ አይንገሩልኝ። ጾሙ ሲገደፍ ከመሶቡ ቆርሰው በእጅዎ ያጉርሷት፤ ያን ጊዜ ሰላምታዬ ደረሳት ማለት ነው። ወንድሜንም እንዲሁ፤ አፍሮ እንቢ ቢል አይስሙት። ትግስትን አነስ አድርገው ያጉርሷት፤ ማንኪያውንም እሷ ደብቃ ታቆየው፣ መደበቅ ትወዳለች። እኔ የቅዳሜ ሹር ማታ እገባለሁ። ሁሉም እስኪጎርስ ተራዬን ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው አባዬ፤ አንድ ጊዜ ከእጅዎ ልጉረስ።

ልጅዎ ምንትዋብ ገረመው

ቦሌ፣ አዲስ አበባ
የካቲት ፳፰ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.